ስለ ላይብረሪ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቴሲስ የሚጽፉ ተማሪዎች ስለ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የሚነግሩኝ ነገር በጣም ይመሳሰላል። አብዛኛው ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ወራት ያስከፍላል።

«ላይብረሪ የሚኬደው ቦታ ይዞ ለማጥናት ነው።»

ለማጥናትም ይኬዳል። ግን የባለሙያዎቹ ሥራ መጽሐፍ ማዋስና መቀበል ብቻ አይደለም። «ርዕሴ የወጣቶች ሥራ አጥነት ነው» ብላችሁ ብትቀርቡ፣ ጥሩ ባለሙያ መልሶ ይጠይቃችኋል። የየት ከተማ ወጣቶች? ስንት ዓመት የሆናቸው? ከመቼ ወዲህ? ሦስቱን ስትመልሱ ርዕሱ ራሱ ይጠባል።

«ጉግል ላይ ካልወጣ፣ አልተጻፈም ማለት ነው።»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። በአገራችን ጉዳይ ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ፤ የሚደበቀው በስም ምክንያት ነው። አበበ ከበደ የሚባል ጸሐፊ በውጭ ዳታቤዝ «ከበደ፣ አ.» ተብሎ ይመዘገባል፤ የአባቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ። እኛ ጋ ግን የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። አጻጻፉም ይለያያል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ዓመተ ምህረቱም ያሳስታል፤ በእኛ 2005 የታተመ ሥራ በፈረንጆቹ 2012 ወይም 2013 ነው። እነዚህን ሁሉ እያፈራረቁ መፈለግ የባለሙያዎቹ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ጨርሶ ኢንተርኔት ላይ ያልወጣም አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 1963 ነው የተመሠረተው። ላይብረሪው ውስጥ የድሮ ጋዜጦች፣ የብራና መጻሕፍትና የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። እዚያ መሄድ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

«ጆርናል ለማንበብ ዶላር ያስፈልጋል።»

ለብዙዎቹ አያስፈልግም። ሂናሪ እና አጎራ የሚባሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች አሉ፤ ሂናሪ የጤና፣ አጎራ የግብርና ጆርናሎችን በአነስተኛ ገቢ አገሮች ላሉ የተመዘገቡ ተቋማት በነጻ ይከፍታሉ። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ዩኒቨርሲቲያችሁ ተመዝግቦ ከሆነ መግቢያውን ላይብረሪው ይነግራችኋል። ጠይቁ።

«ሪፈረንሱን ቻትጂፒቲ ያወጣልኛል።»

የሌለ ጽሑፍ፣ እውነተኛ በሚመስል ርዕስና ጸሐፊ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱ መኖሩን አጣሩ፤ ማጣራቱ ካስቸገራችሁ ላይብረሪያኑን አማክሩ። ሪፈረንስ ለመደርደር ዞተሮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አጠቃቀሙን የሚያሳያችሁ ካለም እዚያው ጠይቁ።

«ጥያቄዬ ተራ ነው፣ ይታዘቡኛል።»

አይታዘቧችሁም። ፕሮፖዛል ሳታስገቡ፣ ገና ርዕስ ስታስቡ ሂዱ። ርዕሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ፣ እስካሁን የፈለጋችሁባቸውን ቃላትና ቦታዎች ዘርዝራችሁ ያዙ። ያጣችሁትን ጭምር ንገሯቸው፤ ባለሙያው ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።