የሃክልቤሪ ፊን ታሪክ በሌሎች ብዕር

የማርክ ትዌይን «የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች» እ.ኤ.አ. በ1884 በእንግሊዝ፣ በ1885 ደግሞ በአሜሪካ ታትሞ ከወጣ ወዲህ ታሪኩን እንደ አዲስ የሚጽፉ ሰዎች ታጥተው አያውቁም። የቅጂ መብቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ስመ ጥር ደራሲም ሆነ ለመጽሐፉ ባለው ፍቅር ብቻ የሚጽፍ አንባቢ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሃክንና ጂምን ወደፈለገበት ሊወስዳቸው ይችላል።

ሰዉን ለዚህ የሚጋብዘው መጽሐፉ ራሱ የተወው ክፍተት ነው። ከሰካራም አባቱ ያመለጠው ልጅ ሃክ፣ እመቤቱ ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትሸጠው መሆኑን ሰምቶ ከኮበለለው ጂም ጋር በግንድ ታንኳ የሚሲሲፒን ወንዝ ይወርዳል። ተራኪው ሃክ ስለሆነ እሱ ያላየውን እኛም አናይም። የጂም ሕልም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከባርነት ማውጣት ነው፤ የሚስቱ ስም ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ፍጻሜውማ ያንገበግባል፦ የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር፣ ጂም በእመቤቱ ኑዛዜ ነጻ መውጣቱን እያወቀ፣ የታሰረውን ሰው የማስመለጥ ጨዋታ መጫወቻ ያደርገዋል። መጽሐፉን የዘመናዊው የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ምንጭ ያለው ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ እንኳ አንባቢ እዚያ ሳይደርስ እንዲያቆም መክሯል።

ትዌይን ራሱ በ1894 ሦስቱን ገጸ ባሕርያት በፊኛ አሳፍሮ በሰሐራ በኩል ወደ ግብፅ ልኳቸዋል። ጂም ግን እዚያም መሳቂያ ከመሆን አልዳነም። በ1970 ጆን ሲሊ ታሪኩን ከነፍጻሜው እንደገና ጻፈው። ጆን ክሊንች በ2007 የሃክን አባት ማዕከል ሲያደርግ፣ የሃክን እናት ጥቁር ሴት አድርጎ አቀረባት። ሮበርት ኩቨር ደግሞ በ2017 ሃክን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ዘለቀ። ታሪኩ ለመድረክም ለፊልምም በቅቷል፤ በ1985 በኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ የታየው ሙዚቃዊ ተውኔት የቶኒ የቴአትር ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ሶቪየት ኅብረትም በ1973 የራሷን ፊልም ሠርታለች።

ከሁሉ የሚልቁት ግን ለጂም ቤተሰብና ለጂም ለራሱ አንደበት የሰጡት ናቸው። ናንሲ ሮውልስ በ2005 ባሳተመችው ልብ ወለድ ያቺ ስም የለሽ ሚስት ሴዲ ተብላለች፤ አርጅታ ከልጅ ልጇ ጋር ብርድ ልብስ እየሰፋች ያሳለፈችውን ታወጋለች። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ባል መኮብለሉ ለቀረችው ሴት ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በፊት ማንም እንዲህ አላሳየም ብል አላጋነንኩም።

ፐርሲቫል ኤቨረት በ2024 ያወጣው «ጄምስ» ደግሞ ትረካውን ከሃክ ነጥቆ ለጂም ይሰጣል። እዚህ በባርነት ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው የተሟላ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ነጭ ሲመጣ ግን ሆን ብለው አፋቸውን ያጎላድፋሉ። ጄምስ፣ ማለትም ጂም፣ ይህንን ዘዴ ለልጆች እንደ ትምህርት ያስጠናቸዋል፤ ነጮች አላዋቂ ሆኖ ማየት የሚፈልጉትን ሰው ብልህ ሆኖ ማግኘት ያስቆጣቸዋልና። በሕልሙ ከፈላስፎቹ ከቮልቴርና ከጆን ሎክ ጋር ስለ ነጻነት ይሟገታል። አንዲት ቁራጭ እርሳስ እንዲያገኝ የሰረቀለት ሰው በሕይወቱ ከፍሏል፤ ስለዚህም ጄምስ የሚጽፈው እያንዳንዱ ቃል ዕዳ አለበት። መጽሐፉ በ2024 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2025 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል።