ወንጌልን ማዳረስ የማን ሥራ ነው? ስለ ካቶሊክ ካህናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካህን ሥራ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው ቅዳሴ፣ ክርስትና ማንሳት፣ ጋብቻና ቀብር ይላችኋል። ወንጌል መስበክ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው፣ ያውም ከተጠራ።

«ዋናው መቀደስ ነው፤ ስብከት ጭማሪ ነው»

የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ካህናት ባወጣው ሰነድ፣ የካህናት የመጀመሪያ ግዴታ ወንጌልን ለሰው ሁሉ ማብሰር ነው ይላል። ያልሰማ እንዴት ያምናል? ያላመነስ ምስጢራትን ምን ብሎ ይቀበላል? ይህ ቅዳሴን አያሳንስም። ያው ጉባኤ ቅዱስ ቁርባንን የክርስትና ሕይወት ምንጭና ጫፍ ብሎታል። ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። የ1983ቱ ሕገ ቀኖናም (የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ) በእሑድና በዋና ዋና በዓላት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቅዳሴ፣ ያለ ከባድ ምክንያት ስብከት እንዳይቀር ያዛል። «ዛሬ ቸኩያለሁ» ከባድ ምክንያት አይመስለኝም።

«ካህኑ ይስበክ፤ እኛ ሰሚዎች ነን»

በብዛት የምንሰማው ይሄ ነው፤ ለሰነፍም ይመቻል። የኮሪያን ታሪክ እዩ። እዚያ ቤተክርስቲያንን የተከሉት ካህናት አይደሉም። ከቻይና የመጡ መጻሕፍትን ያነበቡ ምሁራን ናቸው። ከመካከላቸው ዪ ሱንግሁን የተባለው በ1784 ቤጂንግ ሄዶ ተጠመቀ፤ ተመልሶም ጓደኞቹን አጠመቀ። የመጀመሪያው ካህን አገሩ የገባው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቁት።

ታሪኩ ግን ሌላም ጎን አለው። እነዚያ ምእመናን ካህን ሲያጡ ከራሳቸው መካከል «ካህናት» መርጠው መቀደስ ጀምረው ነበር። ቆይተው ግን ነገሩ ከነከናቸው። ቤጂንግ ላለው ጳጳስ ጻፉ፤ እሱም «አቁሙ፤ ያለ ክህነት አይሆንም» አለ። አቆሙና ካህን ይላክልን ብለው ለመኑ። ወንጌልን ለማውራት ጥምቀት ይበቃል፤ ለመቀደስ ግን ክህነት ያስፈልጋል።

«ሚሲዮናዊ ማለት ባሕር የሚሻገር ነው»

ፈረንሳዊቷ መነኩሲት ቅድስት ቴሬዛ ዘሊዝዮ በ15 ዓመቷ ገዳም ገባች፤ በ24 ዓመቷ እዚያው አረፈች። በ1927 ግን ወንጌል ለመስበክ እስከ እስያ ከዘለቀው ከፍራንሲስ ዣቪየር ጋር የሚሲዮን ጠባቂ ተባለች። ቆሞስም፣ ማለትም የአንድ አጥቢያ (ቁምስና) ኃላፊ ካህን፣ ቢሆን ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። በቁምስናው ውስጥ ቤተክርስቲያን መምጣት የተዉትን፣ እምነቱ የሌላቸውንም ጭምር ወንጌሉ እንዲደርሳቸው መጣር በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የአንዱን በር ማንኳኳትም ከዚሁ ይቆጠራል።

«ዓላማው ሰውን በማንኛውም መንገድ ማስገባት ነው»

በፍጹም። ሕገ ቀኖናው ማንንም ከኅሊናው ውጪ አስገድዶ ካቶሊክ ማድረግን ይከለክላል። በታሪክ ይህ ያልተከበረበት ጊዜ አለ፤ መካድም አያስፈልግም። ተገቢ ባልሆነ መንገድ ማባበልንም የቫቲካን ጉባኤው ከልክሏል።

«ጥሩ ስብከት ረጅም ስብከት ነው»

ይሄን የሚያምኑት ሰባኪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2024 ስብከት ከስምንት ደቂቃ እንዳይበልጥ መክረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ብለው። አንድ ምስል፣ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ስሜት ይዞ መውረድ ነው ምክራቸው።