ሄድስፔስ፦ የጠመንጃ መዝጊያ ልክና የሐረር አሮጌ መሣሪያዎች

ሄድስፔስ የሚባለው መዝጊያው ሲቆለፍ በመዝጊያው ፊትና ጥይቱን በማደሪያው ውስጥ ይዞ በሚያቆመው ቦታ መካከል ያለው ርቀት ነው። ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ልክ ተጠብቆለት ይወጣል። የአንዱ መዝጊያ ለሌላው በርሜል ሲገጠም ግን ልኩ ሊፋለስ ይችላል፤ ጠመንጃው በትክክል ተቆልፎ፣ ቃታውም ሠርቶ፣ አደጋው ግን ከውጭ አይታይም።

ሐረር ያየችውን ያህል የጠመንጃ ዓይነት ያዩ የአገራችን ከተሞች ጥቂት ናቸው። በ1868 ዓ.ም ከተማዋን የያዘው የግብፅ ጦር ረሚንግተን የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። በ1879 ዓ.ም ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ በግመል ቅፍለት ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ወደ ሸዋ አድርሷል። ፈረንሳይ ሠራሹ ውጅግራ በዚያ ዘመን በብዛት ገባ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የጅቡቲ ወደብ ዕቃ ወደ መሀል አገር የሚገባበት መንገድ ቀለለ። የቤልጅየሙ ቤልጅግ፣ የጣልያኑ ካርካኖ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም ሐረርን ካስለቀቀው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሊ ኤንፊልድ ተከታተሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ያሳለፈ ጠመንጃ ክፍሎቹ ተቀያይረው ቢገኙ አይገርምም። መጀመሪያ መታየት ያለበት በመዝጊያውና በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ካልተመሳሰለ ያ መዝጊያ ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ጥይቱን የሚያቆመው ነገር እንደ ጥይቱ ዓይነት ይለያያል። የውጅግራ፣ የረሚንግተንና የሊ ኤንፊልድ ጥይት ቀለህ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ የሚያርፈውም በዚያ ከንፈር ነው። የቤልጅግ 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ከንፈር ስለሌለው የሚያርፈው በትከሻው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ መለኪያ ለሌላው አያገለግልም።

መለኪያዎቹ የጥይት ቅርጽ ያላቸው፣ ባሩድ የሌላቸው ጠንካራ ብረቶች ናቸው፤ ጎ፣ ኖ ጎ እና ፊልድ ይባላሉ። ጎ ትንሹን ልክ፣ ኖ ጎ ከእሱ የሚበልጠውን፣ ፊልድ ከሁሉም ትልቁን ይይዛሉ። ከምርመራው በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ማደሪያው ከቅባትና ከጥላሸት ይጸዳል፣ መለኪያው ሳይጣመም እንዲያርፍ ቀለህ ጎታቹ ከመዝጊያው ይወለቃል። ከዚያ መዝጊያው በጣት ብቻ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ጎ ላይ መቆለፍ አለበት፤ ኖ ጎ ላይ መቆለፍ የለበትም። ኖ ጎ ላይ ከተቆለፈ ፊልድ ይሞከራል። በፊልድም ላይ ከተቆለፈ ያ ጠመንጃ አይተኮስበትም። እጀታውን በኃይል መጫን መለኪያውንም መዝጊያውንም ስለሚጎዳ ውጤቱን ሐሰት ያደርገዋል። እውነተኛ ጥይት አስገብቶ «ይዘጋል፣ አይዘጋም» ማለት ደግሞ መለካት አይደለም፤ ሊገድል የሚችል ድርጊት ነው።

በሊ ኤንፊልድ ትንሹ ልክ 1.63፣ ለአገልግሎት የሚፈቀደው ትልቁ 1.88 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መካከላቸው ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊሜትር ነው። የዚህ ጠመንጃ ቁጥር 4 ሞዴል መዝጊያ ጫፉ የሚቀየር ሲሆን ከ0 እስከ 3 ቁጥር ተሰጥቶት ተሠርቷል፤ ልኩ የሚስተካከለውም ጫፉን በመቀየር ነው።

ክፍተቱ ሲበዛ የባሩዱ ግፊት የቀለሁን ግርጌ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የፊቱ ክፍል በግፊቱ ከማደሪያው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ናሱ መካከል ላይ ይሳሳል። የተተኮሰ ቀለህ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካሳየ ሊበጠስ እንደተቃረበ ምልክት ነው። ሲበጠስ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይንና ፊት ይመለሳል። ክፍተቱ ሲያንስ መዝጊያው ጥይቱ ላይ አይቆለፍም ወይም በግድ ይዘጋል።

ልኩ ትክክል መሆኑም ብቻውን አይበቃም። የተሰነጠቀ የመዝጊያ ጥርስ፣ በዝገት የተበላ በርሜል ጎ መለኪያን ሊያልፉ ይችላሉ፤ የውጅግራ ብረትም የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። በቤት ከአያት የወረደ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ምርመራውን ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መጠገንንም ይከለክላል።