ስንቅና ትጥቅ፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ጦር እንዴት ይጓዝ፣ ምን ይበላ ነበር?

የጎንደር ነገሥታት ጦር ራሱን የቻለ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ከኋላ እህል የሚያመላልስ፣ ለወታደሩ በቀን በቀን የሚሰፍር መሥሪያ ቤት አይታወቅም። ስንቅና ትጥቅ በአማርኛ ተያይዘው የሚጠሩት ያለ ነገር አይደለም፤ ጋሻና ጦሩን ይዞ የተጠራው ዘማች ምግቡንም ይዞ መምጣት ነበረበት። ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲባል ሥራው የሚጀምረው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ገብስ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ቋንጣ ይሰቀላል፣ አቁማዳ ይለፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዘመቻ ምግብ ዋናው በሶ ነው። አንድ እፍኝ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ ከቅል የተንቆረቆረ ውሃ፤ በመዳፍ ታሽቶ ጭብጦ ይሆንና እየተሄደም ይበላል። እሳት አይፈልግም፣ እንጨት ለቀማ አያስወጣም፣ በጭስ ሰፈርን ለጠላት አያሳይም። ቆሎም እንደዚሁ ነው። ሥጋው ደግሞ በራሱ እግር ይሄዳል፤ የተማረከና የተነዳ ከብት ከጦሩ ጋር እየጋጠ ይጓዝና በደረሰበት ይታረዳል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው? ጋሪ አልነበረም። ገደልና አቀበት በበዛበት አገር መንኮራኩር የትም አያደርስም፤ ጭነቱ የአህያ፣ የበቅሎና የሰው ጫንቃ ዕዳ ነው። በቅሎ ጠንካራ ብትሆንም መካን ስለሆነች እያንዳንዷ ከአህያና ከባዝራ መወለድ አለባት፤ ስለዚህም ውድ ናት። መኳንንቱ በጉዞ ላይ በቅሎ ይቀመጣሉ፤ ፈረሱን አሽከር እየሳበ ያመጣዋል፣ ጉልበቱ ለውጊያ ቀን ይቆጠብለታል። ከዚህ ዝቅ ያለው ወታደር አንድ አህያ ካለው ዕድለኛ ነው። የቀረውን ጓዝ የምትሸከመው ሴቲቱ ናት፤ ሚስት፣ ገረድ፣ ጠላ ጠማቂ፣ እንጀራ ጋጋሪ። በእኔ አስተያየት የዚያ ዘመን እውነተኛ የስንቅ ሹሞች እነሱ ነበሩ፤ ዜና መዋዕሉ ግን ስማቸውን አያነሳም። ጦሩ በዝቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሰልፈኛው ጀርባ ሌላ የማይዋጋ፣ ግን የሚበላ ሕዝብ ይከተላል።

ይህን ትርምስ መልክ የሚያስይዘው የሰፈር ሥርዓት ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሀል ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጀን ከኋላ። ቦታው በየቀኑ ቢለዋወጥም አሰፋፈሩ አይለወጥም፤ ስለዚህ ማታ ዘግይታ የደረሰች ባለ እንስራ የጌታዋን ድንኳን ሳትጠይቅ ታገኛለች። ገበያም አለ፤ ጦሩን ተከትሎ የሚሄድ ነጋዴ እህሉንና በርበሬውን እንደ ገንዘብ በሚያገለግለው በአሞሌ ጨው ይሸጣል። ዛሬ በከተማ ‘ሰፈሬ’ የምንለው ቃል ሥሩ ከዚሁ ከመስፈር ነው።

በሶው ሲያልቅ ግን የሚቀረው ባላገሩ ነው። ወታደር የሚለውን ቃል ‘ወጥቶ አደር’ ሲሉ የሚፈቱት አሉ፤ ትክክልም ይሁን አይሁን፣ የሚያድረው በሰው ቤት መሆኑን ገበሬው በደንብ ያውቀዋል። ጦር ያለፈበት አገር የወዳጅም ቢሆን ጎተራው ይራቆታል። ገበሬውም ብልሃት አለው፤ እህሉን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀብራል፣ ከብቱን ወደ ተራራ ያሸሻል። አንድ ጦር በአንድ ቦታ ብዙ መቆየት የማይችለውም ለዚህ ነው፤ ዙሪያውን በልቶ ይጨርስና መነሳት ግድ ይለዋል።

ነፍጥ የሌላ መንገድ ዕዳ ነበር። በሚጨስ ገመድ የሚለኮሰው ጠመንጃ የሚመጣው ከቀይ ባሕር በምፅዋ በኩል ነው። የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ኃይል ምንጩ እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድም ከአፋር በረሃ የሚወጣው የጨው ንግድም በእጁ ነበር። አሞሌው ነፍጥ ይሆናል፣ ነፍጡ ደግሞ ሥልጣን። ዝናብ ሲመጣ ግን ባሩዱ ይረጥባል፣ ገመዱም አይጨስም።

የዘመቻውን ቀን የሚቆርጠውም ዝናቡ ነው። ከመስቀል በኋላ ወንዝ ይጎድላል፣ አዝመራ ይደርሳል፣ ሣር አለ፤ ሰኔ ሲገባ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የናቀ ይቀጣል። በ1770 በዓባይ ማዶ በዳሞቱ ገዥ በፋሲል ላይ የዘመተው ራስ ሚካኤል በግንቦት ሲመለስ ዓባይ ሞልቶ ጠበቀው። በዚያ ዘመን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው ሽማግሌው ራስ በበቅሎው ላይ እንዳለ ተሻገረ፤ ሰውና የጭነት እንስሳ ግን ወንዙ በላ። ያው ሚካኤል በቀጣዩ ወር ተቃዋሚዎቹ ሲያብሩበት፣ ተከዜ ሳይሞላ ተሻግሮ ትግራይ ገባ። ወንዙ ከሞላ በኋላ ማን ይከተለዋል? በታኅሣሥ፣ አገሩ ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ወደ ጎንደር ተመለሰ። በ1771 ግንቦት ሰርባኩሳ ላይ ከቤጌምድሩ ወንድ በወሰንና ከአማራው ጎሹ ጋር ተዋግቶ ሲሸነፍ ግን ክረምቱ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ በሰኔ መጀመሪያ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ።

ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ደግሞ የባሰ ፈተና ነው። የጎንደሩ ንጉሥ ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 በዛሬዋ ሱዳን በነበረው በስናር መንግሥት ላይ የዘመተው በደጋ ሰውና በደጋ በቅሎ ነበር። በዲንደር ወንዝ አካባቢ የስናሩ ንጉሥ የባዲ ጦር ድል አደረገው፤ ከኢያሱ ጋር የሚዘምተው፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል ሳይቀር ተማረከ፣ በኋላም በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። ጦር የሚሸከመው እህልና ነፍጥ ብቻ አልነበረም፤ ታቦትና ሥዕልም ከጓዙ ይቆጠራል።

ይህ አሠራር በሚቀጥለው ክፍለ ዘመንም ብዙ አልተለወጠም። አፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ ቆርጠው ከባላገሩ ዘረፋ ሊያላቅቁት ሞክረው ነበር፤ አልዘለቀላቸውም። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ለመውሰድ ግን አህያም በቅሎም አልበቃም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራራውን እየደለደለ መንገድ አወጣ፣ መድፉም በመንኮራኩር ላይ እየተጎተተ ከወራት በኋላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ተቀምጧል።