«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያላችሁ ለምትስቁብን

ባለፈው ፋሲካ የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ መጡ። ሻንጣቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ቧንቧው ፍስስ አለና ዝም። ሳሙና እንደያዙ ወደ ሳሎን ተመልሰው «የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ውሃ የለም?» አሉኝ። «ፈረቃችን ነገ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ ያቺን ስጠብቃት የነበረችውን ተረት አመጧት። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ባሕር ዳር ውስጥ ቧንቧ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው፤ ይቺን ተረት ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ከእንግዳ ሲመጣ ይሁን። የሚያበግነኝ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ሰው «ጣናን የሚያህል ባሕር እያለ ውሃ የሚጠፋው በስንፍና ነው» ሲለኝ ነው። ስንፍናው የለም አላልኩም። ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ቧንቧችሁ የሚያመጣላችሁ የጣናን ውሃ ነው ያላችሁ ማን ነው? ባሕር ዳር በዋናነት ስትጠጣ የኖረችው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በእንፍራንዝ ወንዝ በኩል ካሉ ምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ማጠራቀሚያ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ሰፈር ይወርዳል። ጉድጓዱ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት በሄደ ማግስት የእኔ ስልክ ፋታ የማይሰጠኝ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከተማው በየአቅጣጫው ሰፍቷል፤ ለትንሽ ሰፈር የተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይ ዛሬ ስንት ሕንፃ እንደተንጠለጠለ ቆፍሬ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ሞላም ጎደለም ይኼ አይለወጥም።

«ታዲያ ለምን ከሐይቁ አይቀዳም?» አሉ ጋሼ። በነጋታው ይዣቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። በባዶ ሃይላንድ ውሃ ቀዳሁና ቤት ወስጄ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆምኩት። ማታ ላይ ከሥሩ ጣት የማይሞላ ቡናማ ደለል ተኝቷል። ከላይ ያለውም ቢሆን የጠላ ጋን የታጠበበት ይመስላል። ይኼ በሚያዝያ ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የየአገሩን አፈር ተሸክመው ሲገቡ ደግሞ አስቡት። ያንን ውሃ ለመጠጣት ጭቃውን በኬሚካል ማዝቀጥ፣ በአሸዋ ማጥለል፣ ክሎሪን መጨመር፣ ከዚያ ወደ ከፍታ መግፋት ያስፈልጋል። ይቻላል፣ ካምፓላ የምትጠጣው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ግን በባልዲ ተቀድቶ የሚያልቅ ሥራ አድርጋችሁ አታውሩት።

ደግሞ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰፌድ ላይ የተዘረጋ ውሃ በሉት። ፀሐይ ብቻዋን በዓመት ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ታነሣለታለች። በ1995 ዓ.ም የዝናቡ ማነስና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ በኩል ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ በጣም ወርዶ ነበር፤ የጀልባ ጉዞ እስኪቋረጥ ድረስ። ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በዋሻ ይሄዳል። መስኖው አለ። የጫት ማሳ የሚያጠጣው የገበሬው ሞተርም አለ። ማዕዱ አንድ፣ እጁ ብዙ። ጋሼ ይኼን ሰምተው ዝም አሉ፤ ግን እሑድ ሲሸኙ ለሹፌሩ ያችኑ ተረት ሲነግሩት ሰምቻለሁ።

ስለ ውሃ የምትሏቸውን ሌሎቹንም ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«እምቦጭ ውሃውን መጦ ጨረሰው።» እምቦጭ ጉዳቱ ብዙ ነው፣ ዓሣ አጥማጁንም ከብት አርቢውንም አስለቅሷል። የእናንተን ቧንቧ ግን አላደረቀም። ሲሆን ሲሆን ማዳበሪያና ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እየለቀቅን የምናሰባው እኛ ነን።

«ቢልሃርዚያ የሚይዘው የጣናን ውሃ የጠጣ ነው።» የበሽታው ትል በቆዳ ነው የሚገባው። ዳር ዳሩን ገብቶ የሚንቦጫረቅ ልጅ ጠብታ ሳይጠጣ ይያዛል።

«ንፋስ ቆጣሪ ያዞራል።» ይኼኛው እንኳ እውነት አለው። ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመለስ ፊት ፊቱን የሚገፋው አየር ቆጣሪ ያንቀሳቅሳል። ሂሳባችሁ እጥፍ ሲሆን ግን ንፋሱን ከመክሰሳችሁ በፊት የሽንት ቤቱን ሲፎን እዩት። ጋኑ ውስጥ ትንሽ የቀዘቀዘ ቡና ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቡናው ከታየ ሌባው እሱ ነው። ደግሞ «ጠብ ጠብ ብትል ምን አላት» የምትሏት ቧንቧ አለች። አንድ ደንበኛዬ እንዲያ ሲለኝ ከሥሯ ባልዲ አስቀመጥን፤ በሰከንድ አንድ ጠብታ ነበር የምትጥለው። ማታ 2 ሰዓት ያስቀመጥነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 10 ሊትር ያህል ይዞ ተገኘ። ውስጧ ያለችው ጎማ ናት ያረጀችው። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

«ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው።» አይደለም። ከተማችን የተቀመጠችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፣ ድንጋዩም ስንጥቅጥቅ ነው። የጎረቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያወርደው በዚያ ስንጥቅ አልፎ የእናንተ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላል። አፍሉት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይበቃል፣ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ የምትጠቀሙም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። የደፈረሰ ውሃ ላይ ብትጨምሩት ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፤ መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት።

«ፓምፕ ከመንገዱ መስመር ላይ ብቀጥል ምን ችግር አለው?» አንዲት ደንበኛዬ ውሃዋ ቦይ ቦይ እየሸተተ ነው ብላ ጠራችኝ። ፓምፑ በቀጥታ ከዋናው መስመር ይስባል። «እታለም፣ ይኼ እኮ ከጎረቤትሽ አፍ ነው የሚነጥቀው» አልኳት። «እነሱም ገዝተዋል» አለችኝ። ሁሉም ሲስብ መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ቧንቧ በየስንጥቁ በዙሪያው ያለውን ይመጥጣል። ከመስመሩ አጠገብ የሚያልፈው ደግሞ የፍሳሽ ቦይ ነው። መላው፣ ውሃው ራሱ እየወረደ መሬት ላይ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ፓምፑ ከታንከሩ ወደ ላይ ይግፋ። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። «የጣሪያ ውሃ ለምንም አይሆንም» የሚል ሰው ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዞ ቦኖ ጋ ሲሰለፍ አይቼዋለሁ። ውሃው በጃንጥላው ላይ እየወረደ! ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። እዚህ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ አብዛኛው በክረምት። የ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚባክነው ተቀንሶ 45,000 ሊትር ይሰጣል። በጀሪካን ቁጠሩት፣ 2,250 ጀሪካን። የእኔ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በሁለት በሦስት ደህና ዝናብ ይሞላል። ልብስ፣ ሽንት ቤት፣ የቤት ማጽጃ ከቧንቧ ውሃ ወጥተዋል፤ የፈረቃው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ይቀራል።

ደንቡ ይኼ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ አትያዙ፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ይውረድ። አሸንዳው ጫፍ ላይ ወንፊት አድርጉ። ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ ጥቁር ቢሆን ይሻላል፤ ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ይይዛል። በዓመት አንዴ አራግፋችሁ እጠቡት። ሳታፈሉ አትጠጡት። ከሁሉም በላይ አሸንዳውን በግንቦት አሠሩ። ሐምሌ ላይ ስትደውሉልኝ ሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነኝ፣ ስልክም አላነሣም።