ሃያ ቦታ፣ አሥራ ሰባት ካሜራ፦ በጋራ የፎቶ ሥራ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ካሜራ የምንወድ አሥራ ሰባት ሰዎች ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተሰብስበን አንድ ነገር ተስማማን። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሃያ ቦታ እንመርጣለን፤ እያንዳንዱን ቦታ በዓመት አራት ጊዜ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ፣ ከአንድ ነጥብ ላይ ቆመን እናነሳለን፤ ይህንንም አሥር ዓመት እንቀጥላለን። ዛሬ ሰባት ቀርተናል፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። የቃለ ጉባኤው መዝገብ እኔ ዘንድ ስላለ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ያሰበ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ እኛም በመጀመሪያው ዓመት ያመንበትና በኋላ የከፈልንበት ነው።

«ጥሩ ካሜራ ያላቸው ሰዎች ከተሰበሰቡ ሥራው በራሱ ይሄዳል»

የመጀመሪያው ስብሰባችን ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁለቱ ሰዓት ያለቀው በሌንስ ወሬ ነው። ማን የትኛውን ቦታ እንደሚይዝ የተነጋገርነው ሒሳብ ከፍለን በር ላይ ቆመን ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከሃያው ቦታ የተነሳው ዘጠኙ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ማንም የማንንም ካሜራ አልጠየቀም።

በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከገነነ የጋራ ሥራዎች አንዱን የመራው ሰው ፎቶ አንሺ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት በድርቅና በኢኮኖሚ ድቀት የተጎዳውን ገጠር እንዲያሳዩ ዶሮቲያ ላንግን፣ ዎከር ኢቫንስንና ሌሎችን ሲያሰማራ ሥራውን የያዘው ሮይ ስትራይከር የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ምን ምን ማየት እንዳለባቸው በጽሑፍ ይሰጣቸው ነበር፦ ሰዎች እሑድ የት ይውላሉ? ወጥ ቤታቸው ምን ይመስላል? ይህን የመሰለ ጥያቄ ነው። ከዚያ ሥራ ወደ 175,000 የሚጠጉ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። እኛም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ገጽ እንጽፋለን። ካሜራን በተመለከተ ያለን ደንብ አንድ መስመር ነው፦ በጀመርህበት ሌንስ ቀጥል።

«ብዙ በሆንን ቁጥር ይቀለናል»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን ተረቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሎሚ ያውቃል። እቁብ ውስጥ አንድ ሰው ቢቀር በዚያው ሳምንት ገንዘቡ ይጎድልና ዳኛው ይጠይቀዋል። የፎቶ ቡድን ውስጥ የቀረ ሰው አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ቦታ አንድ ባለቤትና (ቦታውን በየዙሩ የሚያነሳ ሰው) አንድ ተጠባባቂ አለው፤ ሁለቱም ስማቸው መዝገብ ላይ ተጽፏል። ይህን ካደረግን ወዲህ ሰው ቢቀንስም ባዶ የሚቀረው ቦታ አንሷል።

«ትንሽ ርቀህ ብትቆም በዙም ይስተካከላል»

አይስተካከልም። በዙም የሚለወጠው የምስሉ ስፋት ነው። የፊተኛው የመብራት ምሰሶ ከኋላው ካለው መስኮት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን የሚወሰነው በቆምንበት ነጥብ ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር ወደ ግራ ከሄድህ ምሰሶው መስኮቱን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሌንስ አይገልጠውም። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1979 ማርክ ክሌትና ባልደረቦቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶ አንሺዎች በምዕራብ አሜሪካ ያነሷቸውን መልክዓ ምድሮች እንደገና ሲያነሱ ዋናው ድካማቸው የቀድሞው ፎቶ አንሺ የቆመባትን ነጥብ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

እኛ ነጥቦቻችንን በቢጫ ቀለም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ምልክት አደረግንባቸው። በጣም ብልህ ነን ብለን ነበር። በ2016 የእግረኛ መንገዱ ተነስቶ በአዲስ ሲተካ ምልክቶቹ አብረው ተጫኑ። አሁን ከሁለት ቋሚ ነገሮች በሜትር እንለካለን፤ ለምሳሌ ከአጥር ማዕዘንና ከሐውልት መቀመጫ። ከተማችን ውስጥ «ቋሚ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በየዙሩ እንደገና መከራከራችን ግን አልቀረም።

«ቀኑን ካሜራው ራሱ ይመዘግባል»

ለኛ አገር ሰው ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ካሜራው የሚመዘግበው የነገርነውን ነው። ከመካከላችን አንዱ የካሜራውን ሰዓት እንደ ግድግዳ ሰዓቱ ሞልቶት ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ካሜራው 3፡00 ይላል። የሌሎቻችን ካሜራ በዚያው ደቂቃ 9፡00 ይላል። ፎቶዎቹ በአንድ ኮምፒውተር ሲሰበሰቡ ይህ ወዳጃችን በሌሊት ጨለማ ጠራራ ፀሐይ ያነሳ መሰለ። ሌላው ደግሞ አሮጌ ካሜራ ነበረው። የውስጥ ባትሪዋ ስለሞተ ዋናው ባትሪ በወጣ ቁጥር ወደ ጃንዋሪ 1 ትመለሳለች፤ ሦስት ዙር ሙሉ በፈረንጆች አዲስ ዓመት የተነሳ ሆኖ ተመዝግቦ አገኘነው።

ከሰዓቱ የሚብሰው ዓመቱ ነው። «2010» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ አስቡት። የኛ ነው ወይስ የፈረንጆች? በመካከሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። ሰባት ወይም ስምንት የምለው ልዩነቱ ራሱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ድረስ ስምንት ይሆናል። በዚያ ላይ የሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለሆነች የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል። በቃል ሒሳብ እየቀነሱ መሄድ የትም አያደርስም።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። የፋይሉ ስም በፈረንጆች አቆጣጠር ከዓመት ይጀምራል፤ ወር፣ ቀን፣ የቦታው ቁጥርና የአንሺው መለያ ይከተላል። ኮምፒውተሩ በቅደም ተከተል የሚደረድረው እንዲህ ሲሆን ነው። በመግለጫ ጽሑፉ ላይ ግን የኛን ቀንና ዓመት «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን፤ ተመልካቹ ደመራ የተደመረበትን ሳምንት የሚያውቀው በዚያ ነውና። በየዙሩ መጀመሪያ ደግሞ ሁላችንም የአንዱን ስልክ ሰዓት በየካሜራችን እናነሳለን። የማን ካሜራ ስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ ከዚያች አንድ ፎቶ ይታወቃል፤ ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። አላፊ አግዳሚው ሰባት ሰው በአንድ ስልክ ዙሪያ ካሜራ ደቅኖ ሲያይ ምን እንደሚያስብ እንጃ።

«ክረምት ለፎቶ አይመችም፤ በጋው ይበቃል»

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በቀትር በአናታችን ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፋለች፦ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ። በእነዚህ መካከል ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ያለችው በስተሰሜን ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሕንፃ ታኅሣሥ ላይ ቀኑን ሙሉ በጥላ ውስጥ ይውላል፤ ሰኔ ላይ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ከቦታዎቻችን አንዱ እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ነው። የበረንዳውን የእንጨት ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየነው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከዝናቡ በፊት በነበረች የአንድ ሰዓት ብራ ነው። ጃንጥላ የሚይዝ ሰው አብሮ ይሂድ እንጂ ሰኔን መዝለል ያንን ቤት ግማሹን እንዳላዩት መቁጠር ነው።

«ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ»

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ በውስጡ የተመዘገበውን ቀንና የካሜራ መረጃም ያስቀረዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ብቻ እንዳለ ይደርሳል። ይህን ያወቅነው በ2011 የታኅሣሥ ዙር ነው። የአንዱ አባላችን ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሰበር የአራት ቦታ ፎቶ ከቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ ለቀምን። በስልክ ሲታዩ ያምራሉ፤ ሲታተሙ ግን ከፖስታ ካርድ አይበልጡም። ዛሬ ሦስት ቅጂ አለን፤ ሁለቱ በተለያየ ሰው ቤት ባሉ ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ። ዲስኩን በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ ፎቶዎቹን በእውነት ማየት ደግሞ የጸሐፊው ሥራ ነው። መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ አልከፈትም ያለ ዲስክ አይቻለሁ።

«ቡድኑ ያነሳው የቡድኑ ነው»

በሕግ ፊት እንዲያ አይደለም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ ያነሳው ሰው ነው፤ የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት ጥበቃም ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ፍቅር ሳለ ማንም አይጠይቅም። አንድ ድርጅት ለቀን መቁጠሪያ ፎቶ ልግዛ ብሎ የመጣ ዕለት ግን ወዳጅነት ይፈተናል። የኛ ስምምነት ግማሽ ገጽ ነው፦ መብቱ የአንሺው፣ ቡድኑ ያለ ክፍያ ለማሳየትና ለማስቀመጥ የተፈቀደለት፣ ከሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ሲሶው ለማተሚያና ለዲስክ፣ አባሉ ቢወጣም ፎቶው በመዝገቡ እንደሚቀር። የመጨረሻዋን ሐረግ አስቀድማችሁ ጻፏት። ከአሥሩ ሰው መውጣት በኋላ የምነግራችሁ ይህን ነው።

«ቆንጆ ያልሆነውን እናስወግደው»

ከላይ ያነሳሁት ስትራይከር ያልወደደውን ኔጋቲቭ በመብሻ ይበሳው ነበር። ዛሬ እነዚያን ፎቶዎች ሲያዩ በሰው ፊት ላይ ወይም በሰማዩ መካከል ክብ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል። ያን ያህል ሥርዓት የነበረው ሰው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚፈለግ ሊያውቅ አልቻለም።

ቦታ ቁጥር 11 የልብስ ሰፊ ሱቅ ነበር። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ተንጠልጥሎ የቀረ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንድ እግሯ በክር የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር። ያነሳው ልጅ በየዙሩ «ይቅርታ፣ ምንም የለበትም» እያለ ነው የሚሰጠን፤ ቦታውን ቀይሩልኝ ብሎም ሁለት ጊዜ ጠይቋል። በ2016 መጋቢት ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ሰዎች የድሮ ሰፈራቸውን ፎቶ ፍለጋ ሲደውሉ፣ ከኛ መዝገብ ከሁሉም ይበልጥ የተጠየቀው ይኸው ቁጥር 11 ሆነ። አንዲት ሴት ወንበሯን በስልኳ አስፍታ እያየች ክሩን አባቷ እንዳሠረው ነገረችን። በዚያው ዓመት የተነሳውንና የምንኮራበትን የጊዮርጊስን የምሽት ሰማይ እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው የለም።

ስለዚህ ማንም የሌላውን ፎቶ አይሰርዝም። ለዐውደ ርእይ መምረጥ ሌላ ሥራ ነው።

«ሰፈሩ ስለለመደን ፈቃድ አያስፈልግም»

ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ቀኑ እንዳያልፍበት በየዓመቱ አሳድሱት፤ ጥበቃ ያለበትን ተቋም ከዝርዝራችሁ አውጡ። ይህ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ሰዎቹን በተመለከተ ግን ደብዳቤ አያግዝም። ቁጥር 4 ላይ ሻይ የሚሸጡ እናት በሦስተኛው ዙር ካሜራዬን ሳወጣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ የባለፈውን መቼ አመጣህልኝና ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የታተመ ፎቶ እናደርሳለን። የእርሳቸው አሥራ አንዱ ከማንቆርቆሪያው በላይ ተሰቅሏል።

«ዐውደ ርእይ ከተደረገ ሥራው አለቀ»

እ.ኤ.አ. በ1851 የፈረንሳይ የታሪካዊ ቅርሶች ኮሚሽን ባልዱስ፣ ባያር፣ ለ ግሬ፣ ለ ሴክና ሜስትራል የተባሉ አምስት ፎቶ አንሺዎችን አሮጌ ሕንፃዎችን እንዲያነሱ በየክፍለ ሀገሩ ላከ። ሠርተው ተመለሱ፤ ኮሚሽኑ ግን ፎቶዎቹን ሳያሳትም ማኅደር ውስጥ አስቀመጣቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ሰር ቤንጃሚን ስቶን በእንግሊዝ ያቋቋመው ማኅበር አባላቱ እንደኛ ባብዛኛው አማተሮች ነበሩ። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ የወሰኑት ግን ገና ከመነሻው ነው፦ ብሪቲሽ ሙዚየም። ማኅበሩ በ1910 ፈረሰ፤ ከ5,000 በላይ የሆኑት ፎቶዎች ግን ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ።

እኛ ሁለት ዐውደ ርእይ አድርገናል፤ የምናስረክበው ቤተ መጻሕፍት ግን ገና በድርድር ላይ ነው። ዲስኩን ብቻ እንውሰድ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ የቦታዎቹ መለኪያና የቃለ ጉባኤው መዝገብ አብረው ካልገቡ አንሰጥም ብለናል። እስከዚያው ቁጥር 11 ላይ የቆመውን የግንባታ አጥር ያው ልጅ በየዙሩ በካሜራው ያነሳዋል፤ «ምንም የለበትም» ማለቱን ትቷል።