ማይኒንግ ማሽንን የሚመራ ኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር (ማይኒንግ የሚሠራ) ቺፕ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን ስሌት ሳያቋርጥ መደጋገም። ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው፣ ከፑሉ (ብዙ ቆፋሪዎች በጋራ ሠርተው ገቢውን ከሚካፈሉበት ማዕከል) ሥራ ተቀብሎ የሚሰጠውና መልሱን የሚልክለት ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ይህ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ስለሚሠራ ብዙ መብራት የማይበላ ቢሆን ይመረጣል። ችግሩ፣ በዚህ ምርጫ ላይ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ምክር ብዙ ስህተት አለበት።

«ኮምፒውተሩ ጠንካራ ከሆነ ገቢው ይጨምራል»

አይጨምርም። ቺፑ የሚያሰላው የብሎክ ራስጌ (የአንድ ጥቅል የዝውውር መዝገብ ማጠቃለያ) 80 ባይት ብቻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን ብሎክ ኢራፕተር የተባለ ትንሽ የዩኤስቢ ማይነር (መቆፈሪያ) እንውሰድ። በሰከንድ 333 ሚሊዮን ሃሽ (የዚያ ስሌት አንድ ሙከራ) ይሞክራል። አንዴ የተሰጠው ሥራ ከ4 ቢሊዮን በላይ ሙከራ ስላለው ለመጨረስ 13 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እስከዚያ ኮምፒውተሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ኮር አይ 7 የተባለ ጠንካራ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ሆነ ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለማይነሩ ለውጥ የለውም።

በዚያው ዓመት የወጡትን የመጀመሪያዎቹን የአቫሎን ማሽኖች ይመራ የነበረው ምን መሰላችሁ? ኪስ ውስጥ የምትገባ የቲፒ-ሊንክ ዋይፋይ ራውተር! ራሟ 32 ሜጋባይት ነው። ዛሬ አንድ ፎቶ ለመክፈት እንኳ የማይበቃ ራም፣ በጊዜው ምርጥ የሚባለውን ማሽን ያለ ችግር ይመራ ነበር።

«ቤት የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ በነጻ ይሠራል»

የግዢ ወጪ የለውም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ብሎክ ኢራፕተር 2.5 ዋት ይወስዳል። አሥር ብትሰኩ 25 ዋት ነው። እነሱን የሚመራው አሮጌ ዴስክቶፕ ምንም ሳይሠራ 60 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ መሪው ከቆፋሪዎቹ ሁሉ እጥፍ በላይ በላ ማለት ነው። በዓመት ወደ 525 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። 4 ዋት የሚወስድ ራስበሪ ፓይ ቢሆን 35 ገደማ ነበር።

አሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ነው። ስክሪኑ ከጠፋ ከዴስክቶፕ በጣም ያነሰ ይወስዳል። «መብራት ሲሄድ ባትሪ አለው» የሚለው ክርክር ግን ግማሽ እውነት ነው፤ መብራት ከሄደ ማይነሩም ቆሟል። የባትሪው እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው፦ ላፕቶፑ ድንገት እንዳይጠፋ ያደርጋል። ራስበሪ ፓይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከኤስዲ ካርድ ነው፤ ካርድ ደግሞ እየተጻፈበት ድንገት መብራት ሲጠፋ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ የሎግ ፋይሎቹ (ፕሮግራሞቹ የሠሩትን የሚመዘግቡባቸው) ወደ ካርዱ ሳይሆን ራም ላይ እንዲጻፉ አድርጉ። የካርዱንም ኮፒ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።

እግረ መንገዴን፦ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው 500 ዋት ከፍተኛ አቅሙ እንጂ ፍጆታው አይደለም። ትክክለኛው የሚታወቀው ሶኬት ላይ በሚሰካ የዋት መለኪያ ነው።

«ዩኤስቢ ከሆነ መሰካት ብቻ ነው»

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 አራት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ አራቱ በጋራ የሚሰጡት ግን 1.2 አምፔር፣ ማለትም 6 ዋት ነው። ሁለት ብሎክ ኢራፕተር ይችላል፤ ሦስተኛው 7.5 ዋት ያደርሰዋል። ከዚያ ማይነሩ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ባለቤቱ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ ይጭናል፤ ጥፋቱ ግን የኃይል ማነስ ነው። ስክሪን ካለው ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት መታየቱ ፓይው ራሱ በቂ ቮልቴጅ እንዳላገኘ ይናገራል።

መፍትሔው የራሱ ቻርጀር ያለው ሀብ (የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣ) ነው። እሱም ቢሆን ይታይ፦ አሥር ቀዳዳ ኖሮት ቻርጀሩ 2 አምፔር ከሆነ አሥር ማይነር አይሸከምም። ለአሥሩ ቢያንስ 5 አምፔር ያስፈልጋል፤ ትርፍ ቢኖረው ደግሞ ይሻላል።

«ዋቱ ትንሽ የሆነ ማሽን ቆጣቢ ነው»

የኔ ዋና ጠብ ከዚህኛው ጋር ነው። አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የተባለው ትልቅ ማይነር 3,250 ዋት ይወስዳል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል። በሰከንድ የሚሠራው ግን 110 ትሪሊዮን ሃሽ ነው። ይህን በብሎክ ኢራፕተር ለማግኘት 330 ሺህ ያህል መሰካት አለባችሁ። ለአንድ ዓይነት ሥራ ትንሹ 250 እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈጃል ማለት ነው። ብሎክ ኢራፕተር ዛሬ መማሪያ ነው፤ ገቢ ከሱ አትጠብቁ።

ኤስ19ን ለያዘ ሰው ደግሞ ስለ ራስበሪ ፓይ መጨነቅ ትርጉም የለውም። የዘመኑ ትልልቅ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ቦርዳቸው ውስጣቸው ነው፤ የኔትወርክ ኬብል ሰክቶ የፑሉን አድራሻ በብራውዘር መሙላት ይበቃል። በአገራችን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው የሚቆፍሩት ድርጅቶችም የሚጠቀሙት እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ነው። ራስበሪ ፓይን የግድ የሚሉ ትልልቅ ማሽኖች አልነበሩም ማለት አይደለም። አቫሎን 6 እና አቫሎን 741 በፓይ ነበር የሚመሩት፣ ያውም አንድ ፓይ ለብዙ ማሽን። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ጠይቁ።

«ብሎክቼይኑን በሙሉ ማውረድ ግድ ነው»

ብሎክቼይን የቢትኮይን ዝውውሮች ሁሉ መዝገብ ነው። በፑል ለሚሠራ ሰው እሱን ማውረድ ግድ አይደለም። መዝገቡን በሙሉ በሚይዝ የራሱ ኖድ (ከቢትኮይን ኔትወርክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ኮምፒውተር) ብቻውን መሞከር የሚፈልግ ግን ከ600 ጊጋባይት በላይ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያኔ ኤስዲ ካርዱን ትቶ ኤስኤስዲ ይግዛ።

«ለግራፊክስ ካርድም ለሞኔሮም ያው ነው»

በግራፊክስ ካርድ ሌሎች ዲጂታል ገንዘቦችን ለሚቆፍር ርካሽ ሴሌሮን ፕሮሰሰር ይበቃል፤ ራስበሪ ፓይ ግን አያዋጣም፣ ብዙ ካርድ የሚሸከም ማዘር ቦርድ ያስፈልጋልና። ለነገሩ ሌላው ዲጂታል ገንዘብ ኢቴሬም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ማይኒንግን ካቆመ ወዲህ የግራፊክስ ካርድ ገበያው ቀዝቅዟል።

ሞኔሮ የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ጋ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበት ራንደምኤክስ የተባለው ስሌት ለተራ ፕሮሰሰር ታስቦ የተሠራ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ለመሥራትም ከ2 ጊጋባይት በላይ ራም ይፈልጋል። እዚያ የሚላላክ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። የሚቆፍረው ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሆነ፣ ከላይ አያስፈልግም ያልነው ጠንካራ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል።